ጅግራ ያልገደለ ውጅግራ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎርጎራ የሚያቀና ጀልባ ደቅ ሲያርፍ ብዙ ነገር ይራገፋል፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የልጆች ደብተር፣ አንዳንዴም ሐሳብ። ከጭነቱ ሁሉ ቀላሉ ሐሳብ ነው፤ ኪሎው አይመዘን፣ ሒሳብ አይጠየቅበት። ጣጣው የሚመጣው ከወረደ በኋላ ነው።

የወጋችን ወጣት ሐሳቡን ይዞ የወረደው ለዕረፍት ነበር። የደቅ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ቶርኖ የለመደ እጅ እንደ ቀዶ ሐኪም እጅ ነው፤ ያገኘውን ብረት ሁሉ ከፍቶ ማየት ያምረዋል። አያቱ ቤት በደረሰ በሁለተኛው ቀን፣ ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አልነቅል አለ። ግድግዳው ላይ ያለችው ውጅግራ ናት። ካስማ ላይ በጠፍር ተንጠልጥላለች፤ በአንድ ወገኗ የዳዊት ማኅደር፣ በሌላ ወገኗ የሴት አያቱ የበርበሬ ዛላ ተሰቅሏል። ርዝመቷ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቷ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ልጁ ያደገው ከእርሷ ጋር ቁመቱን እየተለካ ነው፤ የበለጣት ቀን ሰው የሆነ መስሎት ነበር።

«አባባ፣ ይቺን ውጅግራ የወፍ ጠመንጃ ባደርግልዎትስ?» አለ።

ሽማግሌው ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። አንድ ሽማግሌ ያልጨረሰውን ቡና ሲመልስ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

«ወፏ ምን አደረገችህ፣ ልጄ?»

ልጁ ነገሩን በዝርዝር አስረዳ። ሐይቁ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ መሬት፣ ባሕር ሽሽ በሚሉት፣ የተዘራውን ሽምብራ ዝይ እየለቀመ አስቸግሯል። ውጅግራዋ ደግሞ የምትተፋው አንድ ጥይት ነው፤ 25 ግራም የሚመዝን ድፍን እርሳስ። ይህን የሚያህል እርሳስ ዝይ ላይ ቢያርፍ ለወጥ የሚተርፍ ነገር የለም። ካላረፈ ደግሞ የማን ደጃፍ እንደሚገባ አይታወቅም። የወፍ ጠመንጃ ግን በአንድ ተኩስ እንደ ጤፍ የደቀቀ እርሳስ ይረጫል፤ ከመንጋው አንዷን ሳይነካ አያልፍም።

«እንደ ጤፍ? ጤፉንማ ወፏ መቼ አጣችው!» አሉ ሽማግሌው።

አያትና የልጅ ልጅ እዚህ ላይ እንዳሉ ስለ ስሟ ትንሽ መጫወት ይገባል፤ የዚህ ክርክር ግማሹ ስሟ ውስጥ ነውና። «ውጅግራ» የጎጃም ቃል አይደለም፤ የሸዋም አይደለም። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሏታል፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ግራ ደግሞ የግራ እጅ አይደለም፤ ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ነው። እርሱ ያወጣት ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ጦር ታደለች። ባሕር ተሻግራ ያማርኛ ተናጋሪ አፍ ስትገባ «ፉዚ»ው ተሰባበረ፣ ፍርስራሹ ከ«ግራ» ጋር ተጋጠመና ከመኻል አንዲት ጅግራ ብድግ አለች። የፓሪስ ጦር ሚኒስቴር ያላሰባትን ወፍ አበሻ በጆሮው አጠመዳት። ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ምናምን ዓመት ጅግራዋ ከጠመንጃዋ ስም ውስጥ አልወጣችም። ጠመንጃዋ ግን፣ ቢያንስ የደቋ፣ አንድም ጅግራ ገድላ አታውቅም።

እንዲህ ያለው ስም ብዙ ነው። ሰናድር የሚባለው፣ ሲጠሩት የአንድ ደጃዝማች ስም የሚመስለው፣ ያዕቆብ ስናይደር ከተባለ አሜሪካዊ የመጣ ነው። ቤልጅግ አገሯን ይዛ መጣች፤ ሞዜር የጀርመን ወንድማማቾቹን ስም። ለአገር ቤቶቹ ግን ሕዝቡ የራሱን ስም አውጥቷል፤ ባሩዱ በአፈሙዝ ተጨምሮ፣ በዘንግ ተጠቅጥቆ፣ ክብሪት ተለኩሶ እስኪተኮስ ጠላት ቡና ጠጥቶ የሚመለስበትን ጠመንጃ «ቁመህ ጠብቀኝ» ብሎ ጠራው። ከዚህ የተሻለ የመሣሪያ መግለጫ የትኛውም ፋብሪካ አልጻፈም።

ወደ ቤቱ ስንመለስ ሽማግሌው ክርክሩን አድዋ አድርሰውታል። «ይቺ ብረት አድዋ የዋለች ናት፤ ዛሬ ዝይ አባሪ ላድርጋት?» ይላሉ። አድዋ ዋለች የማይባል ውጅግራ በአማራ ምድር ተፈልጎ አይገኝም። ሁሉም እውነት ቢሆን ኖሮ በ1888 ዓ.ም ሰልፈኛው ሁሉ በሁለት ትከሻው ሁለት ሁለት ይዞ መዝመት ነበረበት። ሆኖም ውጅግራ በዚያ ዘመን በብዛት ወደ አገር መግባቷ፣ አድዋም ላይ ከሬሚንግተኑና ከሌላው ጋር መዋሏ ሐቅ ነው፤ የደቋ አልነበረችም ብሎ የሚምል ሰው ደግሞ አይገኝም። ሽማግሌው የሚያውቁት ይህን ነው፤ የሚከራከሩትም በዚህ ነው።

ልጁ ግን አንድ ነገር ይዟል። መለወጥ ለውጅግራ ውርደት ሳይሆን የትውልድ ምልክቷ ነው፤ ራሷ የተለወጠች ናትና። ከእርሷ በፊት የፈረንሳይ ጦር ይይዘው የነበረው ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይበላ ነበር። ወረቀቱ ዝናብ አይችልም። ግራ የተባለው መኮንን ያደረገው ያንኑ ጠመንጃ የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ መቀየር ነው፤ ብዙ ሻስፖዎችም በቀጥታ ወደ ውጅግራነት ተለወጡ። ሰናድርም እንዲሁ ናት። ስናይደር አዲስ ጠመንጃ አልሠራም፤ በአፈሙዝ የሚጎርሰውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ከኋላው ከፍቶ ክዳን አበጀለት። እንግሊዞች ወደዱት፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ሲወጡም ያንን ይዘው ነበር። ስናይደር ግን ይህን አላየም፤ የድካሙን ዋጋ እንደ ልቡ ሳይቀበል፣ ዕዳ እንደ ተጫነው፣ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀድሞ ሞቷል። የለወጠው ጠመንጃ ስም እስከ ጎንደር ሲደርስ እርሱን አበዳሪዎቹ ብቻ ያስታውሱት ነበር።

መለወጥ ከተነሳ ከደቅ ብዙም ሳይርቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ለውጥ አካሂደዋል። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ባለሙያ ሚስዮናውያንን ወደ መድፍ ሠሪነት ለወጧቸው። ሰባት ቶን ገደማ የምትመዝነው ሴባስቶፖል የተገኘችው ከዚያ ስብከት ነው።

ወደ ውጅግራዋ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ለበል የተባለውን ደጋግሞ ተኳሽ ስታወጣ ውጅግራ በአንድ ጀምበር አሮጊት ሆነች። ይህ የሆነው ለመቶ ሺዎች ነው፤ መጋዘን ሙሉ የጦር ጡረተኛ። ከዚያ ዕጣቸው ተለያየ። ከፊሎቹ በነጋዴ እጅ ወደ ቀይ ባሕር ወርደው፣ ግመል ተጭነው አፋር በረሃን አቋርጠው ወደ ሸዋ ወጡ። ሌሎቹ ደግሞ ሴንት ኤቲየንና የቤልጅጓ ሊየዥ ወዳሉ ወርክሾፖች ተላኩ። እዚያ በርሜላቸው ለስልሶ ወይም በሌላ ተተክቶ፣ ለፈረንሳይ ገበሬ ጥንቸልና ቆቅ መግደያ፣ አንድ ጎራሽ የወፍ ጠመንጃ ሆኑ። ልጁ የሚለው እንግዲህ ይህንን ነው፤ የግድግዳዋ እኅት እዚያ ማዶ ጥንቸል ስታባርር ዕድሜዋን ጨርሳለች፤ ማንም አላለቀሰላትም።

እውነት ለመናገር የሊየዥ ሰዎች የማይለውጡት ብረት አልነበረም። ከውጅግራ በፊት ፈረንሳይ ታባቲየር የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ነበራት። ይህንንም አለሳልሰው የወፍ ጠመንጃ አደረጉትና «ዙሉ» የሚል ስም ለጥፈው አሜሪካ ለሚገኝ ድኻ ገበሬ በርካሽ ቸበቸቡት። ትውልዱ ፈረንሳይ፣ ልብሱ የቤልጅግ፣ ስሙ ያፍሪካ። ከዙሉ አገር ሰው ግን አንድም ያየው አይመስልም።

የሊየዥ አሮጌ ብረት እኛም ዘንድ ደርሷል። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ግጥሙን ጥሎ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም እጅግ ብዙ ጠመንጃ ይዞ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ እንጦጦ ደረሰ። ቀደም ብሎ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ሥራውን ሳያፍር አስረድቷል፤ ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ናቸው፣ ሊየዥ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፣ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣሉ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ምኒልክ ግን ከራምቦ የበለጡ ነጋዴ ነበሩ፤ ዋጋውን ሸርፈው፣ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ሁሉ አስቆርጠው፣ በሐረር የሚከፈል ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ለባለቅኔው ያተረፈለት ምሬት ብቻ ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ፤ በረካው እየተቀዳ ነው። ልጁ ወረቀት አውጥቶ መሣል ጀምሯል።

በበርሜሏ ውስጥ፣ ይላል፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚዞር ቦይ አለ። ጥይቱን እያሽከረከረ የሚያወጣውና ቀጥ አድርጎ የሚልከው ያ ቦይ ነው። ደቃቅ እርሳስ በዚያ ቢያልፍ ግን መሽከርከሩ ይበትነዋል፤ ፍንጣሪው እንደ ቀለበት ዙሪያውን ሄዶ መኻሉ ባዶ ይቀራል። ዝይዋ መኻል ላይ ቆማ ግራ ቀኟ ሲዘንብ ታያለች። ስለዚህ ቦዩ መፋቅ አለበት፤ ወይም በርሜሉ በሌላ መተካት።

«ስንት ቁጥር ልታደርጋት ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ ሳያስቡት ወደ ክርክሩ እየገቡ።

«28 አባባ። ትንሽ ናት፤ ለወፍ ትበቃለች።»

«12 የሚባለውን አይቻለሁ፤ አውራ ጣት ያስገባል። 28 ከሆነማ ክንድ ሊያስገባ ነው?»

እዚህ ላይ ልጁ የፈረንጅ ሒሳብ ማስተማር ግድ ሆነበት። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ያንሳል። አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ 453 ግራም መሆኑ ነው፣ ለ12 እኩል ተከፍሎ ቢድቦለቦል አንዱ ድብልብል የሚገጥምበት በርሜል 12 ይባላል፤ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ያው እርሳስ ለ28 ቢከፈል ድርሻው ያንሳል፤ በርሜሉም 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

«ገባኝ» አሉ ሽማግሌው። «እንደ ርስት ነው። ልጅ በበዛ ቁጥር መሬቱ ይጠባል።»

የባሊስቲክስ መምህር ሁሉ እንዲህ ቢያስረዳ ኖሮ ፈተና የሚወድቅ አይኖርም ነበር።

ቁጥሩ ቢገባቸውም ልባቸው አልተረታም። የውጅግራ በርሜል የተሠራው ለ11 ሚሊ ሜትር ጥይትና ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ፣ ግፊቱ ዝግ ያለ ነው፤ እንደ ደቅ ሽማግሌ ይቆጣል እንጂ አይማታም። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ሌላ ፍጥረት ነው። በመቶ ሃምሳ ዓመት ብረት ላይ፣ ያውም ከውስጥ ተፍቆ በሳሳ፣ ያውም መዝጊያዋ በእጀታዋ ሥር ብቻ በተያዘች ጠመንጃ ላይ ቢተኮስ፣ አደኑ ወደ ኋላ ይዞራል። ቶርኖ ቤት ውስጥ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ልጁ ነው። ስለዚህ ድምፁ መቀነስ ጀመረ።

ሴት አያቱ እስካሁን አልተናገሩም ነበር። «ለመሆኑ ጥይቱ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉ ፍም እየቆሰቆሱ።

ጥያቄው ለሁለቱም ነበር። ለ28 ቁጥር ጥይት በባሕር ዳር ገበያ ሲፈለግ ዝይዋ አርጅታ ትሞታለች። ሽማግሌው በበኩላቸው ለውጅግራዋ ያላቸው ጥይት ሦስት ነው፤ ሁለቱ ቀለህ ናቸው። ጥይት በአያቶቻቸው ዘመን እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፤ ለብሩ መልስ ሆኖ በገበያ ይቆጠር ነበር። ቀለሁም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተጨምሮበት እንደገና ይጎርሳል። ሽማግሌው ሦስቱን በጨርቅ ቋጥረው ሣጥን ሥር ያኖሩት እንግዲህ ለተኩስ አይደለም፤ እንደ ባንክ ደብተር ነው። እንዲህ ባለ ሀብት ዝይ ላይ መተኮስ ብርን ለማንደጃ እንደ ማዋል ነው።

«ዋናው ከጠመንጃው የሚወጣው ነገር አይደለም» አለ ልጁ፤ መንገድ ለመቀየር። «ሻማ የተኮሰ ሰው እንኳ አለ።»

«እሱንማ እኛ እናውቀዋለን!» አሉ ሽማግሌው፤ አሁን ክርክሩ ወደ ራሳቸው ደብር መጣላቸው። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ እዚያው ደቅ ላይ፣ ፒፓ የያዘ ፈረንጅ ተቀርጾ ይታያል፤ ጀምስ ብሩስ ነው ይላሉ። ይህ ስኮትላንዳዊ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ገብቶ የእቴጌዪቱን ጥላ አግኝቶ ተቀመጠ። ብሩስ ራሱ እንደ ጻፈው፣ አንድ ግብር ላይ የራስ ሚካኤል ዘመድ የሆነ ገብረ መስቀል የሚባል የነፍጠኞች አለቃ በተኩሱ ተመካበት። ብሩስም ከአንተ ጥይት በእኔ ጠመንጃ ውስጥ ያለ ቁራጭ የሞራ ሻማ ይበልጣል አለው። ነገሩ እስከ ጠብ ደረሰ፤ በኋላ ንጉሡ ፊት አሳይ ተባለ። ብሩስ ጠመንጃውን ሻማ አጉርሶ ተኮሰና ሦስት ጋሻ በአንድ ላይ በሳ፤ ቀጥሎ ደግሞ የእንጨት ጠረጴዛ በሳ። ለስላሳው ሞራ በፍጥነቱ ብቻ እንደ ብረት ሆነ። ጎንደር ላይ አስማት ነው ተባለ። ብሩስ አገሩ ተመልሶ ይህን ሲያወራ ለንደን ደግሞ ውሸት ነው አለችው። ከሁለቱ የሚሻለው የጎንደሩ ነው፤ ቢያንስ አይተው ነው የተሳሳቱት።

ልጁ ሌላም ታሪክ ነበረው፤ ይህኛው በዓባይ ቁልቁል የሚወርድ ነው። ዓባይ ጣናን ለቅቆ መጨረሻ በሚደርስባት ግብፅ፣ እንግሊዞች የመንደር ዘበኞችን ማስታጠቅ ፈለጉ። የበርሚንግሃሙ ግሪነር ፋብሪካ የማርቲኒን አንድ ጎራሽ የጦር ጠመንጃ አሠራር ወስዶ ወደ ወፍ ጠመንጃ ለወጠላቸው። ጠመንጃው ቢሰረቅ ሌባውን እንዳይጠቅም ገበያ ላይ የማይገኝ፣ የብቻው ጥይት ተሠራለት። ብልሃቱ ጥሩ ነበር። የዓባይ ልጅ ግን የዋዛ አይደለም፤ ቀጠን ያለውን ተራ ጥይት በወረቀት ጠቅልሎ አወፈረውና ተኮሰበት። ፋብሪካው ተናዶ መምቻውን እንደ መንሽ ባለ ሦስት ጣት አደረገው፤ ጥይቱንም ከኋላው ቦይ አወጣለት፤ ተራ ጥይት ቢጎርስም እንዳይፈነዳ። አንድ መሐንዲስና አንድ መንደር ዓመታት የተጫወቱት የገበጣ ጨዋታ ነው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «በወረቀት ጠቀለሉት? የኛው ውኃ ጠጪዎች ናቸዋ!»

ሳቁ ልጁን አደፋፈረው፤ ግን ወዲያው ራሱ ነገሩን አበላሸው። ቅን ልጅ ስለሆነ ሕጉንም ተናገረ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ሆነ መጠገን ያስጠይቃል፤ በርሜል መቀየርማ አይነሳ። ጣና ራሱ ደግሞ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል። ሽምብራ የምትለቅመው ዝይ እንግዲህ ተራ ዝይ አይደለችም፤ በፓሪስ መዝገብ ውስጥ ያለች ናት።

«እና ዝይዋ ከውጅግራዬ የበለጠ ወረቀት አላት በለኛ» አሉ ሽማግሌው።

ልጁ ሥዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሴት አያቱ በርበሬያቸውን ከጠመንጃዋ ጎን አስተካክለው ሰቀሉ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ዝዮቹ ወረዱ። ከሐይቁ ዳር ጀምረው፣ ተራ ገብተው፣ ሽምብራውን እንደ ባለርስት ይለቅሙ ጀመር። ልጁ ከግድግዳው ላይ ወንጭፍ አውርዶ ሮጠ፤ ወንጭፉ ከውጅግራዋ በታች፣ ከበርበሬው ጎን ተሰቅሎ ኖሮ ከዚህ በፊት ማንም ልብ አላለውም። ድንጋዩን አሽከርክሮ ለቀቀው። ድንጋዩ መንጋውን ዘልሎ ሐይቁ ውስጥ ጧ አለ።

«ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ!» አሉ ሴት አያቱ ከግቢው ሆነው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና ወንጭፉን ከእጁ ተቀበሉት። ድንጋይ ፍለጋ ጎንበስ አሉ፤ ወገባቸውም እንደ ድሮው አይደለምና ቆየት አሉ። ከዝዮቹ አንዷ፣ ትልቋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ታያቸው ነበር።

«ቁመሽ ጠብቂኝ» አሏት።